አሥራ አንደኛው ፎቶ

ይድረስ ለእትዬ፣

እንደምን ከርመሻል? ልጅሽስ እንዴት ናት? መቆም ጀመረች ሲሉ ሰማሁ። ከሰው አፍ ነው የሰማሁት፤ ምን ላድርግ፣ ስልኬን አታነሺ። ወገብሽስ ተሻለሽ? እኔ ደህና ነኝ። ደህና ማለት እንግዲህ እበላለሁ፣ እተኛለሁ፣ ፎቶ ቤቱን በሰዓቱ እከፍታለሁ፣ ለጉርድ ፎቶ የመጣውን ሁሉ ቀና በል፣ አትንቀሳቀስ ስል እውላለሁ። ቤቱ ግን ጭር ብሏል። የእማዬን ክፍል ዘግቼዋለሁ፤ መስኮቱን ለመክፈት ብቻ እገባለሁ።

ወደ ጉዳዬ ልግባ፤ አለዚያ ይህንንም እንደ ሌሎቹ ቀድጄ እጥለዋለሁ። የአክስታችን ልጅ፣ ትምህርት ቤቱ አዳራሽ ውስጥ የተሰቀሉትን የእማዬን አሥራ አንድ ፎቶዎች አንስታ ስትልክልሽ፣ በእናቴ ሞት ትጫወታለህ ብለሽ ጻፍሽልኝ። ከዚያ ወዲህ አንድ ቃል የለም። የሥዕል መምህሩ ለጉርድ ፎቶ መጥቶ ፎቶ ቤቱ ግድግዳ ላይ አይቷቸው ነው ለምኖ የወሰዳቸው። ግን ይሁን፣ እኔው ሰቀልኳቸው በይ። ንዴትሽ የቆየ ነው። እማዬ በሕይወት ሳለች ፎቶዋን ላክልኝ ባልሽኝ ቁጥር የደበዘዘ ስልክልሽ የጀመረ ነው። ጠጥተህ ነው እንዴ የምታነሳት አልሽኝ። አዎ፣ ትንሽ ቀማምሻለሁ አልኩሽ። አንቺ ሙች እትዬ፣ በሕይወቴ ጠጥቼ አላውቅም!

እውነቱ ይኸውልሽ። እማዬ የታመመችው እንደነገርንሽ አንድ ወር አይደለም፣ ስምንት ወር ነው። መድኃኒቱ ፊቷን አሳበጠው፤ ዓይኖቿ ጠፍተው ነበር ማለት ይቻላል። አንቺ ደግሞ ያን ጊዜ ሐኪሙ ከአልጋ እንዳትነሺ አዞሽ ነበር፤ የመጀመሪያው ፅንስ እንደወረደብሽ ሁላችንም እናውቃለን። ይህን ፊት ካየች ተነስታ ትመጣለች፣ ልጇንም ታጣለች አለችኝ እማዬ። አስማለችኝ። ቪዲዮ ስትጠይቂ ኔትወርክ የለም እንልሻለን። ፎቶ ሲሆን ግን ምን ይባላል? ፎቶ አንሺ ልጅ ያላት ሴት ፎቶ የለኝም ትበል?

ዘዴውን ያመጣችው ራሷ ናት። ደንበኛ ሲንቀሳቀስብህ ፎቶው ይበላሽብህ የለ፣ እኔም ልንቀሳቀስ አለች። ራሷን ወዲያ ወዲህ ስታደርግ አንገቷን አመማት። በቃ አንቺ ተቀመጪ፣ እኔ ካሜራውን አንቀሳቅሳለሁ አልኳት። የካሜራው ዓይን ቀስ ብሎ እንዲዘጋ አደረግኩና፣ ቁልፉን ተጭኜ ከላይ ወደ ታች ሳብ አደረግኩት። ፊቷ ጠፋ። የመስኮቱ ብርሃንና የሻርፗ ቀይ ብቻ፣ ዝናብ እንደመታው መስታወት ወረደ። ሃያ ዓመት ሙሉ አትንቀሳቀሱ ስል የኖርኩ ሰውዬ ሆን ብዬ ማበላሸት ተማርኩ። ወደ ጎን ስስበው ትወፍራለች፣ ወደ ታች ስስበው ትቀጥናለች። ይህችን ላክላት፣ መቅጠኔን ትይልኝ እያለች እስክታስል ትስቅ ነበር። አንቺ በስልክ ስትቆጪኝ ግን አጠገቤ ሆና ትሰማለች። ከዘጋሽ በኋላ ከሳሎን አውርጄ ከአልጋዋ ፊት ለፊት የሰቀልኩላትን የምረቃ ፎቶሽን ታያለች። ያ እኔ ያነሳሁሽ፣ ጥቁር ጋዋን ከቢጫ ሻርፕ ጋር።

ከወለደች በኋላ እነግራታለሁ ትል ነበር። የልጅሽን ልቅሶ በስልክ ሰማች እንጂ ለመንገሩ ቀን አልበቃትም። እኔስ ለምን አልነገርኩሽም? ለልጄ ስል እናቴን ሳላይ ቀረሁ ትላለች ብዬ ፈራሁ። ሰካራም ብትዪኝ ይሻላል አልኩ። አሁን ግን አቃተኝ፣ ብቻዬን ከበደኝ። አደራሽን ያቺን ሕፃን በዚያ ዓይን እንዳታያት።

እንግዲህ የአሥራ አንደኛው ነገር። ከሁሉም ይልቅ ያናደደሽ እሱ ነው፤ ይሄ ደግሞ ምኑ ነው፣ ሰው እንኳ የለበትም ብለሽ ጻፍሽ። አሥሩ የእኔ ሥራ ናቸው፣ ሆን ብዬ ያደረግኳቸው። አሥራ አንደኛውን ያነሳሁት እኔ አይደለሁም። ልታርፍ ሦስት ቀን ሲቀራት፣ ጠዋት፣ ካሜራውን ስጠኝ አለችኝ። ይከብድሻል ብላት በጄ አላለችም። ክርኗን ትራስ ላይ አስደገፍኩላት። እንደ ደንበኞቼ፣ ትንፋሽሽን ዋጥ አድርጊ፣ እንዳትንቀሳቀሺ አልኳት። ፊት ለፊቷ አነጣጠረችና ተጫነችው።

ካሜራውን ወደ ቀድሞ ፍጥነቱ መመለስ ረስቼ ነበር፣ እትዬ። እሷን ለማደብዘዝ ያዘገየሁትን እንዳለ ነው የሰጠኋት፣ ለዚያ ለሚንቀጠቀጥ እጅ። ጥርት ብሎ እንዲወጣላት የፈለገችው አንድ ፎቶ በእኔ ዝንጉነት ተበላሸ። መስደብሽ ካልቀረ ለዚህ ስደቢኝ። እንድገመው ብላት ክንዷ አልነሳ አለ። ካሜራው ጀርባ ላይ የወጣውን ምስል ብዙ አየችው። ከዚያ ፈገግ ብላ፣ ድሮም አንድ ቦታ አትቀመጥም ነበር አለችኝ። ጥፋቱ የእኔ መሆኑን ሳልነግራት ቀረሁ።

ፎቶዎቹን ከአዳራሹ አውርጃለሁ። አሥሩ እዚህ ይቀመጡ። አሥራ አንደኛው ከዚህ ደብዳቤ ጋር አለልሽ። ጥቁሩንና ቢጫውን ደህና አድርገሽ እዪው፤ ከዚያ ስልኬን አንሺ።

ልጅሽን ሳሚልኝ። ፈጣሪ ዕድሜዋን ያርዝመው፣ ስትሮጥ ለማየት ያብቃሽ። ቁጭ አልል ካለችሽም አትቆጪያት።

ጠጥቶ የማያውቀው
ታናሽ ወንድምሽ