የገርጂው ቤት ቁልፍ

ለዘኑዬ፣ ለቤቴ እመቤት፤

እንደምን ከረምሽ አልልሽም። አንቺ ደህና ነሽ፣ አውቃለሁ። ጤንነቱ መጠየቅ ያለበት እዚህ የቀረው ሰው ነው፤ እኔም ጉልበቴ ደረጃ ላይ ከሚነጫነጭ በቀር ምንም አልሆንኩም። ከተለየሽን ይሄ ሁለተኛው ገና ነው። የመጀመሪያውን አላስታውሰውም፤ ሰው ነጠላውን አዘቅዝቆ ሲገባ ሲወጣ እንደ ጉም አለፈብኝ። የዘንድሮውን ግን ልነግርሽ ይገባል፤ አንቺም ነበርሽበትና።

ፊደል እንዳልቆጠርኩ ታውቂያለሽ። አላፍርበትም። ቦሌ ውስጥ በእኔ እጅ ተገንብቶ የቆመው አጥር ብዙ ነው፤ አንዱም አጥር ማንበብ ትችላለህ ወይ ብሎ አልጠየቀኝም። ስለዚህ እኔ እናገራለሁ፣ ልጅሽ ትዕግሥት ትጽፋለች። ላሳምረው ብላኝ ነበር። አንድ ቃል እንዳትነኪ፣ እናትሽ ድምፄን ታውቀዋለች አልኳት።

በቅድሚያ የቤቱን ወሬ። የአራብሳው ኮንዶሚኒየማችን እንዳለ ነው፤ አራተኛ ፎቅ ላይ እንደ ዶሮ ቆጥ ተሰቅሏል። ውኃው አሁንም በፈረቃ ነው፤ ሲመጣ ባልዲው ሁሉ ይንጫጫል። በቀለም ባልዲ የተከልሽው ጤና አዳም ዛፍ ካልሆንኩ ብሏል። ጎረቤት እየመጣ ይቀጥፈዋል፤ እኔም አንድ ዘለላ ብቻ እያልኩ እቆጣለሁ፤ አንቺ ትቆጪ እንደነበረው ማለት ነው፤ ማንም አይሰማኝም። ፊት ለፊታችን ያለችው ዘሃራ ሁለተኛ ልጇን ወልዳለች፣ ሴት ናት። ባሏ ሰይድ ያው ሚኒባሱን ይነዳል፤ ያው ያንን የወሎ ቀልዱን ይቀልዳል። ሲወጣም ሲገባም ሳይጠይቀኝ አያልፍም።

ቀኑን የማሳልፈው ኮሪደሩ ላይ ነው። በታኅሣሥ ብርድ ወንበሬን አወጣና ፀሐይዋን እየተከተልኩ እጎትተዋለሁ። ዓይኔን ጨፈን ሳደርግ ሁሉም ነገር ይቀላቀላል። ከታች ቆራሌው ይጮኻል፣ አንዷ ምንጣፍ ታራግፋለች፣ ነፋሱ የተሰጣ ልብስ ያርገበግባል፤ ያኔ አራብሳ አይደለሁም፤ ገርጂ ነኝ፣ ግቢያችን ውስጥ። አንቺም ከኋላዬ አለሽ። ዞር ካልኩ እንደምትሄጂ ስለማውቅ አልዞርም። እንዲሁ አብረን እንቀመጣለን።

በበዓል ከሰዓት በኋላ አውሮፕላን እናይ የነበረውን ታስታውሻለሽ? ሆዳችን ከሞላ፣ እንግዳው ከተበተነ በኋላ ሁለቱን ዱካ አጥሩ ጥግ እናወጣ ነበር። አውሮፕላኑ ለማረፍ ዝቅ ብሎ ሲያልፍ የጣሪያችን ቆርቆሮ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ አንቺ ደግሞ ቀና ብለሽ የጫነውን ትነግሪኛለሽ። ይሄኛው ሙሽራ ነው የያዘው፣ ቀስ ሲል አታይም? ያኛው ነጋዴ ነው፣ ይኸው እየተጣደፈ። ይሄ ደግሞ ባዶውን ነው፤ ሆዱ ይጮኻል። አንቺ ሴትዮ፣ ተሳፍረሽ አታውቂ፣ ከየት አመጣሽው ስልሽ፣ አንተስ ሰማይ ቤት ሳትሄድ ስለ ሰማይ ቤት ስታወራ አልነበር ወይ አልሽኝ። አሁን አንቺ እዚያ ነሽ። ማን ትክክል እንደነበር ብትነግሪኝ ደስ ይለኝ ነበር።

የገርጂው ቤታችን ለልማት ሲፈርስ በሩን ነቅለው ወሰዱት፤ አንቺ ግን ቁልፉን አልሰጥም አልሽ። በሩ ሄደ እንጂ ቁልፉ ምን አጠፋ ብለሽ መቀነትሽ ላይ ቋጠርሽው። አራብሳ ከገባንም በኋላ የበዓል ቅርጫ ሲመጣ ለዕጣው ምልክት ብለሽ የምትሰጪው እሱኑ ነበር። ሰው ቆርኪ ይሰጣል፣ ስንጥር ይሰጣል፤ አንቺ ትልቁን የብረት ቁልፍ። የደረሰሽን ሥጋ ከነቁልፉ ጠቅልለሽ ታመጪና ቤት ታጥቢዋለሽ። ካንቺ በኋላ ቁልፉ የእኔ ኪስ ውስጥ ገባ።

አሁን ወደ ነገሩ ልምጣ። ልጅሽ ሲኤምሲ ቤቷ ውስጥ ክፍል አዘጋጅታልኛለች። ደረጃ የለውም፣ ግቢው አበባ ነው፣ አልጋው እንኳ ተነጥፏል። ዓመቱን ሙሉ አንድ ዘፈን ነው የምትዘፍንብኝ። አባዬ፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ብቻህን ምን ትሠራለህ? ብትወድቅስ? ከጥምቀት በፊት ግባና ቤቱን እናከራየው ትላለች። ክፉ አስባ አይደለም። እኔ ግን ለአንቺ የሰጠሁት ቃል አለ። አልጋ ላይ ሆነሽ፣ ድምፅሽ እያለቀ፣ በዓል በመጣ ቁጥር በራችን ክፍት ይሁን ብለሽኛል። እሺ ብያለሁ። እሺ ካልኩ አልኩ ነው። ገና ይለፍና መልሱን እነግርሻለሁ ብዬ አቆየኋት።

የገና ጠዋት ከብሎካችን ጀርባ ወዳለው የጋራ ማረጃ፣ ወደ ኮሙናሉ ወረድን። በሬው ታርዶ፣ ሥጋው ቅጠል ላይ መደብ መደብ ሆኖ ተደርድሯል። ብርዱ ጣት ይቆርጣል። ሥጋ የሚመድበው ጎረምሳ ቀስ ብሎ ወደኔ መጣና፣ ጋሽ ተክሌ፣ ብቻዎን ስለሆኑ ግማሽ መደብ ይብቃዎት ይሆን አለኝ። ግማሽ ሰው ይታይሃል አልኩት። እኔና ዘነበች አንድ መደብ ነን፤ ድሮም አንድ፣ ዛሬም አንድ። ሙሉውን መደበልኝ።

ዕጣ የሚጥልልን ሰይድ ነው። እኛ ያረድነውን አይበላም፣ ድርሻ የለውም፣ ስለዚህ ለማንም አያዳላም፤ ብሎኩ ሁሉ የሚያምነው በዚህ ነው። ምልክቱ ሲሰበሰብ እንዳያይ ጀርባውን ሰጥቶ ቆመ። አንዱ፣ ሰይድ፣ ለኔ አጥንት ከጣልክ ሚኒባስህ ላይ አልሳፈርም ብሎ ጮኸ። አትሳፈር፤ አንተ ስትወርድ ጎማው ያርፋል አለው። ሰው ሳቀ። እኔም እየሳቅሁ እጄን በጋቢዬ ሥር ወደ ኪሴ ሰድጄ ቁልፉን አወጣሁና ሰጠሁ። ሰይድ ዞሮ አንድ በአንድ ጣለው። የእኔ ጥሩ መደብ ላይ አረፈ፤ ሻኛ ነበረበት፣ አንቺ የምትወጂው ጨጓራም ነበረበት። እንዳንቺ አድርጌ ሥጋውን ከነቁልፉ ፌስታል ውስጥ ጠራርጌ ከተትኩና ደረጃውን ተያያዝኩት።

በራችን ጋ ደርሼ ኪሴ ውስጥ የቀረውን ቁልፍ አወጣሁ። ጫፉን አስገብቶ እምቢ አለኝ። ገፋሁት። አልገባም። አየሽ፣ ሁለቱ ቁልፍ አንድ ኪስ ውስጥ ነበሩ። እጄ ደንዝዞ ለዕጣው የሰጠሁት የዚህን ቤት ቁልፍ ኖሯል። አራት ፎቅ ወጥቼ ገርጂን ልከፍት ነው የምታገለው።

እንግዲህ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ይሄን ነው። ቁልፍ ተምታታባቸው ብለው ስቀው አለፉ። ለአንቺ ግን ሙሉውን እነግርሻለሁ።

የጠዋቱ ጉም ኮሪደሩ ላይ ነበር። ከጉሙ በላይ አውሮፕላን ዝቅ ብሎ አለፈ፤ አላየሁትም፣ ድምፁ ብቻ ደረቴ ውስጥ ገባ። ቀና ስል በሩ የቆርቆሮ በራችን ሆኗል፤ ከታች የዛገው፣ አንቺ አረንጓዴ ቀለም የቀባሽው። ከውስጥ ነጠላ ጫማሽን ስትጎትቺ ሰማሁ። ሽንኩርት ሲቁላላ ሸተተኝ። አንቺ ሴትዮ፣ ክፈቺ እንጂ፣ እጄ በረደ አልኩ። አንኳኳሁ። ምን ያጣድፍሃል እንደምትዪ አውቄ ቆምኩ። አላበድኩም፣ ዘኑ። እንደሌለሽ አውቃለሁ፤ ለዚያች ለትንሽ ጊዜ ግን ማወቅ አልፈለግሁም። ደስ ብሎኝ ነበር። ብርዱ እንኳ ለቆኝ ነበር። ዘኑ፣ ዘኑዬ እያልኩ ደግሜ አንኳኳሁ።

አባዬ የሚል ድምፅ ከኋላዬ መጣ። ትዕግሥት ናት። ድፎ ዳቦዋን በነጠላ ጠቅልላ ደረጃው ጫፍ ላይ ቆማለች። ከመቼ ጀምሮ እንደቆመች አላውቅም። ፊቷ ግን ያው ሕፃን ሆና ስትደነግጥ እንደነበረው ነበር።

ዘሃራ ልጇን አቅፋ ብቅ አለች፤ ጋሽ ተክሌ፣ ምን ሆኑብኝ አለች። ሰይድ ከታች ደርሶ የያዝኩትን ቁልፍ ገላበጠና፣ በአላህ፣ ይሄ የቤት ነው ወይስ የመጋዘን አለ። ያኔ ነገሩ ገባን። ከየበሩ ሰው ወጣ። ትሪ መጣ፣ ፌስታሉ ትሪው ላይ ተገለበጠ፣ ሴቶቹ እጅጌያቸውን ሰብስበው ገቡበት። ሰይድ ሥጋውን አይነካም፤ ሩቅ ቆሞ እንደ ኳስ አሠልጣኝ ይጮኻል። ከሻኛው ሥር! ኧረ ጨጓራውን ገልብጡት! የሦስተኛ ፎቋ ወይዘሮ ከጨጓራው እጥፋት ውስጥ አወጣችውና ከፍ አድርጋ አሳየች። እልል አሉ፤ ልጅ የተወለደ ነበር የሚመስለው።

በሩ ተከፈተ። ትሪውን ተሸክመው የገቡት ሴቶች እዚያው መክተፍ ጀመሩ። ዘሃራ ሻይ በፔርሙስና ሳምቡሳ ይዛ መጣች። ልጆቹ የቴሌቪዥኑን የበዓል ዝግጅት ከፍተው ምንጣፍሽ ላይ ተንጋለሉ። አንዱ ሲወጣ ሌላው ሲገባ በሩ እስኪመሽ አልተዘጋም፤ እኔ ክፍት ይሁን ብዬ ማንንም አላዘዝኩም። ቃልሽ በራሱ ጊዜ ተፈጸመ።

ትዕግሥት ግን ቀኑን ሙሉ ሽንኩርት ስትከትፍ ዋለች። ሰው ሲሄድ፣ አባዬ፣ በሩ ላይ ማንን ነበር የምትጠራው አለችኝ። ቁልፉን ነው የምሰድበው አልኳት። አላመነችም። በቃ፣ ከእንግዲህ እዚህ አትሆንም፣ ዕቃህን እንሰብስብ አለች፤ ዓይኗ ሞልቶ። መጀመሪያ ለእናትሽ ደብዳቤ እንጽፋለን፣ መልስሽ እዚያ ውስጥ አለ አልኳት። ይኸው ጥምቀት ደርሷል፤ ይኸው እየጻፈች ነው።

አሁን በሩ ላይ የሆነውን ስነግርሽ ብዕሯ ቆመ። አልቅሰሽ ጨርሺና ጻፊ አልኳት። አልቅሳ ስትጨርስ ቦርሳዋን ከፍታ አንድ ቁልፍ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። የዚህ ቤት ቁልፍ ነው። አንቺ እንደገባን አስቀርጸሽ ሰጥተሻት ኖሯል። አባዬ፣ የዚያን ቀንም ቦርሳዬ ውስጥ ነበር አለችኝ። ታዲያ ሰው ሁሉ ጨጓራ ሲገለብጥ ምን አቁሞ ያሳይሻል አልኳት። ከፍቼበት አላውቅም አለች። እማዬ ሁልጊዜ ከውስጥ ትከፍትልኝ ነበር። ዛሬም ደረጃውን ስወጣ ነጠላ ጫማዋ ይሰማኛል። በራሴ ቁልፍ ከከፈትኩ እውነት ሄዳለች ማለት ነው፤ ስለዚህ አንኳኳለሁ።

እንግዲህ ከሁለታችን እብዱ ማነው አልኳት። እያለቀሰች ሳቀች። ይሄንንም ጻፊው አልኳት፤ ጽፋዋለች።

ስለ ሲኤምሲ ከዚያ ወዲያ አላነሳችም፤ እኔ ነኝ ያነሳሁት። ለጥምቀት ሄጄ ታቦቱን አጅቤ፣ ያነጠፈችልኝ አልጋ ላይ አድሬ እመለሳለሁ። መልሴ ይሄ ነው፤ ልጄ፣ አስተካክለሽ ጻፊው። ይሄን ቤት አልዘጋም፤ ልጃችን ስታንኳኳ ከውስጥ የሚከፍትላት ሰው መኖር አለበት። እስካሁን ይሄ ሥራ ያንቺ ነበር፣ ዘኑ። አሁን የእኔ ነው። ጉልበቴ እየተነጫነጨም ቢሆን እስከ በሩ ይደርሳል።

የገርጂውን ቁልፍ አጥቤ ለብቻው ኪስ ሰጥቼዋለሁ። በሕይወት እስካለሁ ድረስ በዓል በመጣ ቁጥር መደቡ ላይ የሚወድቀው እሱ ነው፤ በስምሽ ዕጣ ይጣላል፣ ሥጋሽ እዚህ ቤት ይገባል፣ ጨጓራውም እንደምትወጂው ይታጠባል። ሌላው ነገር ሁሉ ቢጠፋብኝ ይሄ አይጠፋብኝም።

ትዕግሥት መብራት ልታበራ ተነሥታ አውሮፕላን ሲያልፍ ሰማችና መስኮቱ ጋ ቆመች። ይሄኛው ምን የጫነ ይመስልሻል አልኳት። አየችው፣ አየችውና፣ ቀስ እያለ ነው አባዬ፣ ሙሽራ ሳይሆን አይቀርም አለች። የጻፈችውን ደገመች እንዳልል፣ አባባሉ ያንቺው ነበር፤ ያን እኔ አስተምሬያት አላውቅም።

ያንቺው ተክሌ