ሥራውን ለቅቄያለሁ ያልኩት እኔ አልነበርኩም

ለተከበሩ የኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂ ዳይሬክቶሬት ዳይሬክተር
የሸለቆው የውሃ ጉድጓዶች ጥገና ድርጅት ዋና መሥሪያ ቤት
ሰመራ

ክቡር ሆይ፤

ከሁሉ አስቀድሜ የእርስዎን፣ የቤተሰብዎንና በቢሮዎ ግድግዳ ላይ ተሰቅለው ያለማቋረጥ የሚያንጎራጉሩትን የሁለቱን አየር ማቀዝቀዣዎች ጤንነት በታላቅ አክብሮት እጠይቃለሁ። እኔ፣ አልሐምዱሊላህ፣ ከአዋሽ ሙቀትና ከእናንተ ኢሜይል በቀር የሚያሳስበኝ ነገር የለም።

ስሜ ኡበይዳ እንድሪስ ይባላል፤ በአዋሽ ሰባት ኪሎ ቅርንጫፍ የመዝገብ ቤት ኃላፊ ሆኜ ስድስት ዓመት አገልግያለሁ። በወረቀት መጻፌ ባለፈው ዓመት ባወጡት ሰርኩላር የተከለከለ መሆኑን ባልዘነጋም፣ ምክንያቴን ወደ ታች ሲደርሱ እንደሚረዱልኝ ተስፋ አደርጋለሁ። የምጽፈው በዋናው መንገድ ዳር ካለው ከኡሙሀኒ ሻይ ቤት ተቀምጬ ነው። አንድ ተሳቢ መኪና እየጠበቅሁ ስለሆነና ፍሬን በተሰማ ቁጥር ብድግ ስለምል፣ ጽሑፌ የተቆራረጠ ሆኖ ቢያገኙት ይቅር እንዲሉኝ እለምናለሁ።

ባለቤቴ ኸሊዳ ሰመራ አስተማሪ ናት። ልጃችን ዊዳድ አምስት ዓመቷ ሲሆን ከእናቷ ጋር ትኖራለች። እኔ በአራት ዓመት ውስጥ አራት ጊዜ የዝውውር ማመልከቻ አስገብቻለሁ፤ በወር አንድ ጊዜ ሰመራ ስደርስም ልጄ በሩን ከፍታ ከሰላምታ በፊት የምትጠይቀኝ «መቼ ነው የምትሄደው?» ብላ ነው። እንድሄድላት ፈልጋ አይደለም፤ ስንት ቀን እንዳላት ለማወቅ ነው። ይህን ሁሉ ለእርስዎ መንገሬ የቤቴን ጉዳይ ላወያይዎት ፈልጌ ሳይሆን፣ ሶፍትዌርዎ ከቤቴ ስለገባ ነው። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነውና በቅደም ተከተል ላቅርብ።

አንደኛ። ቅርንጫፋችን ዘጠኝ ሠራተኞች ያሉት በመሆኑ ዘጠኝ የኢሜይል ፈቃድ እንዲገዛልን ስንጠይቅ አንድ ስለላኩልን ምስጋናችን ወሰን የለውም። ፈቃዱ የተመዘገበው የዚያን ጊዜ ጸሐፊ በነበረው በደጀን ስም ነው፤ ምክንያቱም ከእናንተ ዘንድ የመጣው ባለሙያ የስልክ ቁጥር ሲጠይቅ ባትሪ ያልዘጋው የደጀን ስልክ ብቻ ስለነበር ነው። ከዚያች ቀን ወዲህ ዘጠኛችንም ደጀን ሆነን እንጽፋለን፣ ሥራ አስኪያጃችን ሳይቀሩ። ባለፈው ዓመት የሒሳብ ሠራተኛችን ሱልጣና በደጀን ስም የወሊድ ፈቃድ ጠይቃ፣ ዋና መሥሪያ ቤቱ ደጀንን እንኳን ማርያም ማረችህ ሳይል ፈቅዶላታል። ደጀን ራሱ ከሁለት ዓመት በፊት መንጃ ፈቃዱን አሳድጎ የጂቡቲ መስመር ሾፌር ሆነ። ስሙ ይቀየርልን ብለን ስንጽፍ «ስም የሚቀየረው ፈቃዱ ሲታደስ ብቻ ነው» አላችሁን። ሲታደስ ደግሞ አሁንም በደጀን ስም አደሳችሁት።

ደጀን አስተዳደጉ ደህና የሆነ ሰው ነው። ለሚጽፍለት ሁሉ ሳይሰናበት መሄድ ከብዶት፣ በመጨረሻው ቀን ኢሜይሉ በራሱ እየመለሰ የሚልከው አንድ መልእክት ጻፈ፤ ቃል በቃል እንዲህ የሚል ነበር፦ «ሥራውን በራሴ ፈቃድ ለቅቄያለሁ። ስለ መልካም ትብብራችሁ አመሰግናለሁ። ቸር ይግጠመን።» የተካው ጸሐፊ መሀመድአሚን በማግስቱ ይህንን መልስ እንዳይሠራ አደረገው፤ ጨርሶ ለመሰረዝ ግን አንጀቱ አልቆረጠለትም። ክቡርነትዎ ይህችን የደጀን ስንብት እንዲያስታውሷት በትሕትና እጠይቃለሁ።

ሁለተኛ። በጥር ወር መጀመሪያ «የላቀ የሥራ ልምድ ለመስጠት» የላኩልን ማሻሻያ ደርሶናል። ሦስት ቀን ሙሉ «እባክዎ ኮምፒውተሩን አያጥፉ» እያለ ሠላሳ ሰባት በመቶ ላይ ቆሞ ነበር። እኛ አላጠፋንም፤ መብራቱ ግን ማስጠንቀቂያውን ስላላነበበ ሄደ፣ ማሻሻያውም ከአንድ ጀመረ። ሲያልቅ ደብዳቤዎቻችንን «ትኩረት የሚሹ» እና «ሌሎች» ብሎ ለሁለት ከፍሎልን አገኘን። ከዋና መሥሪያ ቤት የሚመጣ የእንኳን አደረሳችሁ መልእክት ትኩረት የሚሻ ሲሆን፣ ከገዋኔ በኩል ሁለት ቀን ውሃ ያልጠጣ ከብት እንዳለ የሚገልጸው ደብዳቤ ከሌሎች ተመደበ። ከዚህም በላይ ለእያንዳንዱ ደብዳቤ በእንግሊዝኛ የተዘጋጁ ሦስት መልሶች ከሥር ይደረድርልናል። መሀመድአሚን ጣቱ አዳልጦት ፓምፓቸው ለተቃጠለባቸው ሰዎች «ግሩም ዜና ነው» ብሎ ልኮላቸው፣ ይቅርታ ለመጠየቅ በሞተር ሳይክል መሄድ ነበረበት።

ይቅርታ፣ ተነስቼ ነበር። የሲሚንቶ መኪና ነው፣ የምጠብቀው አይደለም።

ሦስተኛ። ማሻሻያው ለደኅንነታችን ተጨንቆ፣ ኢሜይሉን ለመክፈት በስልክ የሚላክ ስድስት አኃዝ ያለው ቁጥር እንድናስገባ ያዘናል። ቁጥሩ የሚሠራው ለአሥር ደቂቃ ሲሆን የሚላከውም ወደ ደጀን ስልክ ነው። ደጀን ጂቡቲ ሲገባ የዚያን አገር ሲም ያስገባል፤ ከገባ ደግሞ ወደብ ላይ ወረፋ አለ። ስለዚህ የአንድ የመንግሥት ድርጅት ቅርንጫፍ ኢሜይሉን የሚከፍተው አንድ የጭነት መኪና የጂቡቲን ድንበር ሲሻገር ሆነ ማለት ነው። እኛም የፓምፕ ሥራችንን ትተን በየሻይ ቤቱና በየጋራዡ እየደወልን «ደጀን አልፏል?» የሚል አዲስ የሥራ ክፍል ከፈትን። ስለ ፈጠራችሁት የሥራ ዕድል ሳላመሰግን ማለፍ አልፈልግም።

አራተኛውን ቀስ ብዬ ልጻፈው።

በጥር ወር አጋማሽ፣ በአንድ ማክሰኞ ጠዋት፣ የቅርንጫፋችን ጥበቃ ሁመድ በር ላይ አስቁሞኝ «ዝውውርህ ጸድቋል፤ ሰመራ ትገባለህ» አለኝ። ከየት ሰማህ ብዬ ስጠይቀው፣ የዋና መሥሪያ ቤቱ ጥበቃ ሐሙስ ዕለት ደብዳቤው ሲፈረም አይቶ፣ ፍየል ይዞ ወደ ሚሌ ለሚወርድ ዘመዱ እንደነገረው፣ ያም ለሌላ፣ ሌላውም ለእርሱ በሰኞ ገበያ እንደነገረው አንድ በአንድ አስረዳኝ። እነ ሁመድ ዳጉ የሚሉት የወሬ ቅብብል እንዲህ ነው። ሁለት ሰው ሲገናኝ ይቀመጣል፣ የሚያወራው ያወራል፤ የሚሰማው ደግሞ በዓይንህ አየህ ወይስ ሰማህ፣ ከሰማህስ ከማን ብሎ ሳያጣራ አይነሳም። እርስዎ ባለ ሁለት ደረጃ ማረጋገጫ ብለው ከውጭ አገር ያስመጡልን ነገር በዚህ ሸለቆ ውስጥ ለብዙ ዘመን ያለ ፈቃድ እድሳት ሲሠራ ኖሯል።

ደስታዬን ልደብቅዎት አልችልም። ለኸሊዳ ወዲያው ደወልኩላት፤ እርሷም ለዊዳድ ነገረቻት። ስልኩ ውስጥ ልጄ «ለሁልጊዜ ነው?» ስትል ሰማኋት፤ እኔም ኢንሻአላህ አልኳት። ሁመድ እንደሰማው ደብዳቤው በአምስት የሥራ ቀናት ውስጥ መስማማቴን በኢሜይል እንዳረጋግጥ ስለሚያዝ፣ ቀኑ የሚያልቀው ሐሙስ ነበር። ማክሰኞ ደጀን ወደብ ላይ ነበር። ረቡዕ ድንበሩን ተሻግሮ ቁጥሩ ቢደርሰውም፣ ጎማ እያስጠገነ ስለነበር መልእክቱን ያየው ከሃያ ደቂቃ በኋላ ሆነ። ሐሙስ ጠዋት ሎጊያ ላይ መኪናውን ዳር አስይዞ «ጋሼ ኡበይዳ፣ ከዚህ አልነቃነቅም፤ ስንት ጊዜም ይሁን ላኩት» አለኝ። ያ ልጅ ጭነት እያለበት ለእኔ ሲል ግማሽ ቀን ቆመ፤ የቆመውም ከእርስዎ ቢሮ የሩብ ሰዓት መንገድ ላይ ነው። በሦስተኛው ሙከራ ኢሜይሉ ተከፈተ፤ ሰዓቱ ገና ዘጠኝ ነበር።

ከ«ሌሎች» መካከል ሦስት ደብዳቤዎች አገኘሁ። የመጀመሪያው የዝውውሬ ደብዳቤ ነው። ሁለተኛው ለእርሱ የተሰጠ መልስ ሲሆን፣ ከሁለት ሰከንድ በኋላ ከእኛው ኢሜይል የወጣ ነው፦ «ሥራውን በራሴ ፈቃድ ለቅቄያለሁ። ስለ መልካም ትብብራችሁ አመሰግናለሁ። ቸር ይግጠመን።» ማሻሻያዎ የድሮ ቅንብሮቻችንን ሲመልስልን የደጀንን ስንብትም አብሮ ቀስቅሶት ኖሯል። ሦስተኛው የሰው ኃይል ክፍል የጻፈው ነው። ስለ ፈጣን መልሴ አመስግኖ፣ ሥራዬን በፈቃዴ መልቀቄ መመዝገቡንና ቦታው ለተከታዩ አመልካች መሰጠቱን ይገልጻል፤ በቀጣይ ሕይወቴም መልካም ዕድል ይመኝልኛል። በድርጅታችን ታሪክ በሁለት ሰከንድ መልስ ያገኘ ደብዳቤ ይህ ብቻ መሆኑን እንደ መዝገብ ቤት ኃላፊነቴ ላረጋግጥልዎት እችላለሁ።

በማግስቱ በሚኒባስ ሰመራ ገባሁ። የሰው ኃይል ክፍል በጽሑፍ መልስ ሰጥተዋል አለኝ። የእርስዎ ክፍል ደግሞ ሲስተሙ የሚያውቀው ይህንኑ ነው አለኝ። ከፊታችሁ ቆሜያለሁ፣ አልለቀቅሁም ስል፣ ባልደረባዎ እኔንም አየ፣ ስክሪኑንም አየ፣ ስክሪኑን አመነ። ክቡርነትዎም በመካከሉ ብቅ ብለው፣ ቅሬታ ካለኝ በኢሜይል እንዳቀርብ በጣም በትሕትና መከሩኝ። በዚያች ሰዓት ሳቄም እንባዬም አብረው መጡብኝ፤ ሁለቱንም ዋጥኩና አመስግኜ ወጣሁ።

ቤት ስደርስ ዊዳድ ለልብሴ የሚሆን ቦታ ከቁም ሳጥኑ አስለቅቃ፣ የራሷን ልብሶች በካርቶን አድርጋ ጠበቀችኝ። ለመጀመሪያ ጊዜ መቼ እንደምሄድ አልጠየቀችኝም። በማግስቱ ወደ አዋሽ ስመለስ ምን እንዳልኳት ለእርስዎ አልጽፍም።

አምስተኛም ስድስተኛም ነበረኝ፤ አሁን ግን ቁጥሩ ተምታታብኝ፤ መንገዱንም ደጋግሜ እያየሁ ስለሆነ በዚሁ ልብቃ። ከዚያ ወዲህ ስድስት ሳምንት አለፈ። በአዋሽ መዝገብ ሠራተኛ ነኝ፣ በሰመራ መዝገብ የለቀቅሁ ነኝ፤ በሁለቱ መካከል እንቅልፍ የለኝም። አቤቱታዬን ሁለት ጊዜ በኢሜይል ላክሁ፤ እናንተም ጉዳዩ ታይቶ መልስ ይሰጣል የሚል መልስ በራሱ በሚሠራ መልእክት ላካችሁልኝ። የእናንተ ማሽን ለእኛ ማሽን፣ የእኛም ለእናንተ ሲመላለሱ ሰንብተዋል፤ ትብብራቸው ሊደነቅ ይገባል።

ስለሆነም ክቡር ሆይ፣ ካሳም ሆነ ምርመራ አልጠይቅም። የምለምንዎት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ለቅርንጫፋችን ሁለተኛ ፈቃድ ይግዙለት፤ በመሀመድአሚንም ስም ይሁን። ልጁ ገና ማግባቱ ነው፤ ሚስቱም ዱብቲ ናት፤ እርሱም አንድ ቀን ዝውውር ይጠይቃል።

ማሻሻያዎ ያለማቋረጥ እንዲሻሻል፣ ፈቃድዎ በየዓመቱ ሳይጓደል እንዲታደስ፣ የሚጽፉልዎትም ሁሉ ትኩረት ከሚሹት እንዲመደቡ እየተመኘሁ፣ በሁለት ሰከንድ ውስጥ ሥራ ያስለቀቀኝን እጅዎን በክብር እሳለማለሁ።

አክባሪዎ
ኡበይዳ እንድሪስ
አዋሽ ሰባት ኪሎ

ግልባጭ፦
ለአዋሽ ቅርንጫፍ ማስታወቂያ ሰሌዳ
ለኡሙሀኒ ሻይ ቤት፣ በር ላይ እንዲለጠፍ
ለሁመድ፣ በቃል እንዲያደርሰው

ማስታወሻ፦ የደጀን መኪና አሁን ደረሰ፤ ፍራሼንና ሁለት ሻንጣዬን ከጋቢናው ኋላ እየጫንን ነው። ሎጊያ የመለዋወጫ ዕቃ ሱቅ ያለው የአክስቴ ልጅ ከሰኞ ጀምሮ ና ብሎኛል። ይህንን ደብዳቤ ለበር ጥበቃዎ በእጄ እሰጣለሁ፤ የሥራ መልቀቂያዬንም ለሥራ አስኪያጃችን ጽፌ አስፈርሜያለሁ። ምናልባት ልብዎ ራርቶ በኢሜይል ቢመልሱልኝ፣ በሁለት ሰከንድ ውስጥ «ሥራውን በራሴ ፈቃድ ለቅቄያለሁ» የሚል መልስ ይደርስዎታል። ስህተት መስሎዎት ባለሙያ አይላኩ። ዛሬ እውነቱን ነው።