ድልድዩ ጋ የቆመችው እህትህ

ጓደኛዬ፣
ሥራ ገብቻለሁ። ቁልፉ ጎረቤት ጋ ነው። ኮምፒውተሩን እንዳታጠፋው!

አፌ ሥራ አይፈታም፤ ለቪዲዮ ጨዋታችን ሰባት መንግሥትና የሚያስነጥሰው ዘንዶ አወራሁልህ። አንተ ስትለፋ ከርመህ የወጣልን አንድ ድልድይ ነው፣ እሱም ግማሹ። እዚያ በመልኳ ሠርተህ ያቆምካት ሟች እህትህም ከኔ ያገኘችው አንዲት ንግግር ብቻ ነው፦ «ድልድዩ አላለቀም፣ ነገ ና።» እጨምርላታለሁ ብዬህ ነበር።

እሱን ተወው።

ዛሬ ጠዋት ስጠጋት ግን፣ «ድልድዩስ ይቅር፤ ወንድሜ በልቷል?» አለችኝ።

ዓይኔን በጨው አጥቤ እንደምዋሽ ታውቃለህ። ይቺን ግን እኔ አልጻፍኳትም። አንተም አልጻፍካትም።

ምግብህ ድስቱ ውስጥ ነው። እንደ ሰሞኑ አይተኸው አትለፍ።
አሙቀህ ብላ።
ከዚያ ሂድና ንገራት።