ይሁዳ ጋ ወራጅ አለ

ፒያሳ፣ አዲስ አበባ

ይድረስ ጅማ ለሚኖረው ለቀድሞ ጎረቤቴ፣

«የሰዓት ሠሪው አንድ ዓይን ጠፋ እኮ!» ስትል አንዲት ልጅ ለጓደኛዋ ታክሲ ውስጥ ሰማሁ። ደብዳቤ በሰላምታ እንጂ በጠፋ ዓይን እንደማይጀመር አውቃለሁ፤ ግን እኔም የዚያን ቀን ሰላም አልነበርኩም። በሰፈራችን ሰዓት ሠሪ ከሚባሉት የቀሩት አባባ ብቻ ናቸው። ምኒልክ አደባባይ ላይ ከታክሲው ወርጄ፣ በዚህ ጉልበቴ፣ ቁልቁለቱን በሩጫ ወረድኩት። አባባ በረንዳው ላይ ተቀምጠው ጋዜጣ ያነባሉ። አገጫቸውን ይዤ ፊታቸውን ወደ ብርሃኑ አዞርኩት።

«ምን ሆነሻል?» አሉኝ።

«ዓይንዎን ልይ።»

«እስኪ ቁጠሪያቸው» አሉ። ሁለት ነበሩ።

አሁን ሰላምታውን ላቅርብ። እንዴት ከርመሃል? ጉልበትህስ፣ ያ የቀኙ፣ እንዴት ነው? ባለቤትህ ማረፏን የሰማሁት ዓመት አልፎት ከእህትህ ነው፤ ነፍሷን በአብርሃም አጠገብ ያኑርልህ። አድራሻህንም የሰጠችኝ እህትህ ናት። «ምን ልትጽፊለት ነው?» ብትለኝ «ስለ ሥዕል» አልኳት። አልዋሸሁም። እኛ ደህና ነን። አባባ ሰማንያ ስድስት ሞላቸው። እኔ ከማተሚያ ቤቱ አራሚነት ጡረታ ወጥቻለሁ፤ ስሕተት ማየት ግን ጡረታ የለውም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከአሥራ ሁለት አገር የተጠሩ ሠዓሊዎች የአራዳን ግድግዳ በሥዕል ሊሞሉልን ዓለም አቀፍ ፌስቲቫል መጣብን። መጀመሪያ የመጣው ባነሩ ነበር። «ሥዕል»ን በእሳቱ ሰ ጽፈውታል፤ ይሁን። «ዓለም»ን ግን ዓይኑን ዐ አውጥተው ጥለው በአልፋው አ ተክተውታል። ሰዎቹ ዓይን ማጥፋት የጀመሩት ከዚያው ነው፤ ያን ጊዜ መጠርጠር ነበረብኝ።

ወደ ራስ መኮንን ድልድይ ስትወርድ ያለውን ባለ አራት ፎቅ ሕንፃ አትረሳውም፤ ክረምት ክረምት ከሥሩ እንጠለል ነበር። ከፊቱ የነበሩት ቤቶች ከፈረሱ ወዲህ ጎኑ ተራቁቶ ቀርቷል። ያ ግድግዳ የደረሰው ዱዋርቴ ለሚባል ሠዓሊ ነው፤ ከፖርቹጋል የመጣ፣ ጢሙም ሱሪውም ቀለም የጠጣ፣ ትሑት ሰው። አስተርጓሚው ሊያ የሰፈራችን ልጅ ናት። በመጀመሪያው ሳምንት ሁለቱ እየዞሩ የሰፈሩን ሽማግሌዎች ፎቶ አነሡ። አባባ ሙሉ ልብሳቸውን ለብሰው፣ ባርኔጣቸውን ደፍተው፣ እንደ ሙሽራ ተነሡ። የፈቃድ ወረቀትም ፈረሙ። ከዚያ ግድግዳው ለአሥር ቀን በሸራ ተጋረደ። ሸራው ሲወርድ፣ ባርኔጣ የደፋ፣ ጢሙ የሸበተ፣ አፍንጫው ብቻውን አንድ ፎቅ የያዘ ሽማግሌ ብቅ አለ። ፊቱን ወደ ድልድዩ አዙሯል። በጎን ስለሆነ የሚታየው አንድ ዓይኑ ብቻ ነው።

በቤተ ክርስቲያን ሥዕል ቅዱሳን ፊት ለፊት፣ በሁለት ዓይናቸው ነው የሚያዩህ። በጎን፣ በአንድ ዓይን የሚሣሉት ይሁዳ፣ ሰይጣንና ግብረ አበሮቻቸው ናቸው። ይህን በሰፈራችን ፊደል ያልቆጠረ ሕፃን ያውቀዋል። ሊስቦን አይታወቅም መሰለኝ።

ጎረቤታችን አሰፋች ገና ስታየው አማተበች። «ውይ በሞትኩት! አቶ አጥናፉ ማንን በድለው ነው?»

ዙህራ ከሱቋ ሆና፣ «ኧረ ተይ አሰፉ፣ ሌላኛው ዓይን በዚያ በኩል ነው። ግድግዳው ውስጥ ገብቶ ነው» ብላ ልታረጋጋን ሞከረች።

«ግድግዳ ውስጥ ገብቶ ምን ይሠራል?»

«ይተኛላ!»

በማግሥቱ የታክሲ ረዳቶች ነገሩን ጨረሱት። ፌርማታችን ከዚያን ቀን ጀምሮ «ይሁዳ ጋ ወራጅ አለ?» ሆነ። እኔ ራሴ፣ የሰውዬው ልጅ፣ «ይሁዳ ጋ አለ» ብዬ ስወርድ ከረምኩ። ምን ላድርግ? በድሮው ስም ብጠራው አያቆሙልኝም።

አባባ ሄደው አዩት። ባርኔጣቸውን አውልቀው፣ ቀብር ላይ እንዳለ ሰው፣ ረዘም ላለ ጊዜ ቆሙ። ቤት ሲገቡ ባርኔጣውን አልጋ ሥር ጥለው ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ተኙ። እሑድ ጊዮርጊስ አልሳሙም፤ እናቴ በሞተች ሳምንት እንኳ አልቀሩም ነበር። የሚበሉት ቀነሰ። የሚናገሩትም ያው አንድ ነገር ሆነ፤ «ሁለተኛውን ዓይን አስጨምሪልኝ።» ለግድግዳ ሰዓት ደቂቃ ቆጣሪ አስጨምሪልኝ እንደማለት።

ሊያን ፍለጋ ሄድኩ። «እትዬ፣ ይሄ እኮ ፕሮፋይል ነው» አለችኝ። «ማንም ሰው በጎን ሲታይ አንድ ዓይን ነው ያለው።»

«ልጄ፣ እዚህ ሰፈር ሰው በጎን አይታይም። ንገሪው።»

ተረጎመችለት። ዱዋርቴ ሲሰማ ፊቱ በራ። እጄን በሁለት እጁ ይዞ ብዙ ተናገረ።

«በጣም ደስ ብሎታል» አለችኝ ሊያ። «ሥራዬ ከኅብረተሰቡ ጋር መነጋገር ጀመረ ይላል።»

«ኅብረተሰቡ አባቴን እየሰደበ ነው በዪው።»

ተረጎመች። «እሱም ንግግር ነው ይላል።»

ሦስት ቀን ተመላለስኩ። በሦስተኛው ቀን ሰውዬውን አሳዘንኩት መሰለኝ፣ በክሬን ወጥቶ አንድ ነገር ጨመረልን። ባርኔጣው ላይ ወፍ አሳረፈበት። ዓይን ለምነን ወፍ ተሰጠን። ወፏም በጎን ናት።

እስካሁን የጻፍኩልህ ስለ ሥዕል ነው፤ ለእህትህ የሰጠሁትን ቃል ጠብቄያለሁ። የቀረው ሐሙስ ከቀትር በኋላ የሆነው ነው።

ሾርባ ሳቀርብላቸው አባባ ቀና አሉና «ለሠዓሊው ማን ነገረው?» አሉኝ።

«ምኑን?»

«የሽማግሌዎቹን ነገር ነዋ።»

የየትኞቹን ሽማግሌዎች አልኩ። ያኔ ነገሩኝ፤ ሾርባው እየቀዘቀዘ።

የዛሬ ሠላሳ ሁለት ዓመት ሦስት ሽማግሌዎች ልከህ ነበር ለካ። ሥርዓቱ ያው ነው፤ በመጀመሪያው ቀን «ልጄን ልጠይቅ፣ ዘመድ ላማክር» ተብሎ ቀጠሮ ይሰጣል፤ መልሱ በሁለተኛው ነው። በመጀመሪያው ቀን እኔ ሆለታ ነበርኩ፤ የተጠገነ የግድግዳ ሰዓት ለአክስቴ አድርሺ ብለውኝ። በሳምንቱም ሆለታ ነበርኩ፤ ሰዓቱ ወደ ኋላ ይቀራል ተብሏል፣ መልሰሽ አምጪው ብለውኝ። ያንን ሰዓት አቅፌ አውቶቡስ ውስጥ ስንገላታ፣ እሳቸው ለሽማግሌዎችህ «ልጄን ጠይቄያታለሁ። አልፈልግም ብላለች» አሏቸው። እኔ ስመለስ ደግሞ፣ ሰዓቱን ከእጄ ተቀብለው፣ «ያ የጎረቤት ልጅ ሽማግሌ እልካለሁ ሲል ነበር አይደል? ውሃ በላው እኮ» አሉኝ። ለአንዱ ወገን አንድ ፊት፣ ለሌላው ሌላ ፊት።

«እናትሽ በሞተች በዓመቷ አንቺም ልትሄጂ?» አሉኝ። «ማን ሊቀረኝ ነው? ሰዓቶቹ?» ከዚያ ሾርባውን ቀምሰው ጨው አንሶታል አሉ።

ጨው ጨመርኩላቸው። ሌላ ምን ላድርግ? በሰማንያ ስድስት ዓመት ሰው ላይ በር አይወረወርም፤ በሩም የቀበሌ ነው።

ግን እስኪ አንተ ፍረደኝ፤ የሠላሳ ሁለት ዓመት ኩርፊያዬን ምን ላድርገው? ሳትሰናበተኝ ጅማ የገባህ ጊዜ ያቀረብኩብህን የሌለህበትን ክስ ብታውቅ! የሰፈሩ ሴቶች ሲያነሡህ ርዕስ እለውጥ ነበር። ባለሱቁ «የጅማ ቡና ነው» ባለኝ ቁጥር «የሐረር ስጠኝ» እያልኩ ኖርኩ። የሐረር ቡና ደግሞ አልወድም። አንተም እዚያ ሆነህ፣ አልፈልግም ያለችህን ሴት በስንት ስም ስትጠራ እንደኖርክ እግዜር ይወቀው። ሁለታችንም በትጋት ተቀያይመናል፤ ይህን ያህል ትጋት ለሌላ ነገር ብናውለው ኖሮ የት በደረስን።

ስለዚህ ደብዳቤው የተጻፈበት ምክንያት ይኸው፣ በሙያዬ ቋንቋ፦ «አልፈልግም ብላለች» የሚለው «አልተጠየቀችም» ተብሎ ይታረም።

ብጠየቅ ኖሮ ምን እል እንደነበር አልጽፍልህም። አራሚ ያልተጻፈውን አይጨምርም።

አባባ ግን ከተናገሩ ወዲህ ተሻላቸው። ሕመሙን ለእኔ አስረክበው እሳቸው ተነሡ። ጢማቸውን ተላጩ፤ ባርኔጣውን ከአልጋ ሥር አውጥተው አራገፉት፤ እሑድ ጊዮርጊስን ስመው ሲመለሱ ግድግዳው ሥር ቆመው ሽቅብ አዩና፣ «ተዪው ዓይኑን። ልክ ነው። ፈረንጁ ፊት ማንበብ ያውቃል» አሉኝ። አሁን እኮ አላፊ አግዳሚውን እያስቆሙ «እኔ ነኝ» ማለት ጀምረዋል። አሰፋች እንኳ «ንስሐ ነው፣ አትከልክያቸው» አለችኝ። እኔ ምኑን እከለክላለሁ? እሳቸው በአራት ፎቅ ከፍታ ንስሐ ሲገቡ እኔ ከሥር ቆሜ ባርኔጣቸውን እይዝላቸዋለሁ።

ይቅር በለኝ በዪው ብለውኛል። ይኸው ብያለሁ። የምትመልሰው ካለ ጮክ ብዬ አነብላቸዋለሁ፤ ለእኔ ብቻ የሆነውን መስመር እዘላለሁ። የቤታችን ስልክም ያው ነው፤ ከፊቱ ቁጥር ተጨመረበት እንጂ አልተለወጠም። ይህን የጻፍኩት ለመረጃ ያህል ነው።

ጉልበትህን ያጽናልህ፤ ልጆችህን ለወግ ለማዕረግ ያብቃልህ፤ የጅማ ዝናብ በልክ ይዝነብልህ፤ መንገድ ቢያጋጥምህም መንገዱን ያቅናልህ።

የድሮ ጎረቤትህ

ከፊርማ በኋላ፦ ፖስታውን ሳላሽገው ሊያ የፌስቲቫሉን መጽሔት ይዛልኝ መጣች። የአባባ ፎቶ መጨረሻው ገጽ ላይ ነው፤ ከሌሎች ሠላሳ ሽማግሌዎች ጋር፣ ቴምብር አክለው፣ ፊት ለፊት ያያሉ። የኛ ግድግዳ ገጽ አሥራ ዘጠኝ ላይ ነው። ከሥሩ የተጻፈው ይህ ነው፦ «የሠዓሊው አያት ጆአኪም፣ ዓሣ አጥማጅ። ሠዓሊው ከአገሩ ይዞት ከመጣው ፎቶግራፍ የተሣለ።»