የመስኮቱ ወንበር ያንቺ ነው

ይድረስ ለልጆቼ እናት፣
ቡሹሎ

የጌታ ሰላም ካንቺና ከእህትሽ ቤት ጋር ይሁን። ጉልበትሽን እንዴት ያደርግሻል? የሐይቁ ንፋስ አልበረታባችሁም? እኔ ጌታ ይመስገን ደህና ነኝ። ዶሮዎቹ ደህና ናቸው። ጎረቤታችን ታቢታ ወጥ ትልክልኛለች፤ ጨው ታበዛለች፤ ነግሬያታለሁ።

ፊደሉ የተለቀው በወፍራሙ እስክሪብቶ ስለጻፍኩ ነው። የቀጭኑ ቀለም አልቋል። ይህን ደብዳቤ ለማንም ሰጥተሽ አታስነብቢ። ፊደል ያስቆጠርኩሽ እኔ ነኝ፤ በረንዳ ላይ፣ ፀሐይ ሲወጣ፣ ቀስ ብለሽ አንብቢው።

ልጃችን ዘንድ ቻይና ለምንሄድበት ቪዛ ፎቶ በተነሣን ማግስት “እህቴ ታማለች” ብለሽ ከቤት ወጣሽ። ታመመች የተባለችውን እህትሽን ሰዎች ዓሣ ገበያ ቆማ ስትከራከር አግኝተዋታል። አልተቆጣሁም። “በዚህ ዕድሜ ምን ሽርሽር ነው? ቆጮ በሌለበት አገር በእንጨት ሣር ልበላ ነው?” ያልሽውንም ሰምቻለሁ። ቆጮ ስለሌለ አይደለም የቀረሽው።

ባህል አዳራሽ አጠገብ ያለው ፎቶ አንሺ “እማማ፣ ወደዚህ ይመልከቱ” እያለ ሲደጋግም፣ አንቺ ግድግዳውን ስታዪ፣ የጮህኩት በእሱ ላይ ነው። በዕድሜ የገፋች ሴት ላይ ድምፅ ከፍ አይደረግም። ፎቶው ጥሩ ሆኖ ወጥቷል።

ዝግጅቱን ብቻዬን ቀጥያለሁ። ባለሱቁ ሙህዲን ዕቃ ለማምጣት ቻይና የተመላለሰ ሰው ስለሆነ ሄጄ ጠየቅሁት። “ጋሼ፣ እዚያ ሁሉ ነገር የሚከፈለው በስልክ ነው፤ ድንች የሚሸጠው እንኳ ስልክዎን ነው የሚጠይቅዎ” አለኝ። “ስልክ መነካካት ባልወድስ?” ብለው፣ “ያው ይራባሉ” ብሎ ሳቀብኝ። እኔ አልሳቅሁም። ግን እንዲያስተካክልልኝ ስልኬን ሰጠሁት። ለምራታችን ያነጠርሽውን ቅቤ ተዪው፤ ቅቤና ሥጋ አያስገቡም። ልጃችን ፊልሞን የቤቱን አድራሻ በእነሱ ፊደል ጽፎ ልኮልኛል። አስገልብጬ አንዱን በሹራብሽ ኪስ ውስጥ ሰፍቼዋለሁ። ብንጠፋፋ አውጥተሽ ለሰው ማሳየት ነው። አንጠፋፋም።

የእኔን የደም ግፊት መድኃኒት ከነካርቶኑ፣ ከሐኪሙ ወረቀት ጋር አዘጋጅቻለሁ። ከሽሮው ጣሳ ኋላ ያገኘሁትን ያንቺን ባዶ የጠብታ ጠርሙስ ይዤም ፋርማሲ ሄጄ ነበር። አንዱን አዲስ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ልኬልሻለሁ፤ ሌላውን ከእጅ ቦርሳችን አስቀምጫለሁ። ባለፋርማሲዋ ማታ ማታ ሳይቋረጥ ጠብ መደረግ አለበት ብላኛለች። በዚህ ጉዳይ ሌላ የምጽፈው የለም።

ፊልሞን ባለፈው ደውሎ፣ “እማዬ ካልፈለገች አታስጨንቃት፤ ለከርሞ ይሁን” አለኝ። “ዘንድሮ ነው” አልኩት። “ለምን አባዬ? ለከርሞ ልጄ ሐዳሳም ከፍ ትላለች፤ ታጫውታችኋለች” አለኝ። “ዘንድሮ ብያለሁ” ብዬ ስልኩን ዘጋሁት። ልጁ ለእኔ ግትርነት አዲስ አይደለም።

ያለበት ከተማ ኩንሚንግ እንደ እኛ ሐይቅ አለው አሉ። አየሩም ከሐዋሳ ብዙ አይለይም፤ በጥር ግን ብርድ ስላለ ወፍራሙን ሹራብ ነው የያዝኩልሽ። በዚያ ወራት ከሩቅ የብርድ አገር ነጫጭ ወፎች ይመጣሉ። እንደ እኛ ሐይቅ ትልቁ ወፍ፣ እንደ አባ ኮዳ፣ ዓሣ አራጅ እግር ሥር ቆመው አይለማመጡም። እየበረሩ መጥተው ዳቦውን ከእጅ ላይ ይወስዳሉ። እነሱን ለማግኘት ሩቅ መመልከት አያስፈልግም፤ እጅ መዘርጋት ይበቃል። ሐዳሳም እንደዚያው ናት። ስልኩን አፍንጫሽ ላይ አስጠግተሽ ከምትፈልጊያት፣ ጭንሽ ላይ ትቀመጥና ፊቷን በእጅሽ ትይዢዋለሽ።

በአውሮፕላኑ የመስኮቱ ወንበር ያንቺ ነው። ብርሃን አለው፤ የሚያልፍ የሚያገድም ሰውም አይገፋሽም። ወሬ እንደማልወድ ታውቂያለሽ። ስንት ዘመን “አንተ ሰው አፍ የለህም ወይ?” ስትዪኝ ኖረሻል። ከታች የሚታየውን ሁሉ እነግርሻለሁ። ደመናም ቢሆን፣ ደመና ነው እልሻለሁ።

ከሙህዲን የመብያ እንጨቶቹን ተቀብዬ በባቄላ ስለማመድ ሰንብቻለሁ። ታቢታ በአጥር አይታኝ፣ “ጋሼ፣ እርስዎ እስኪጎርሱ ዶሮዎቹ ጠገቡ” ብላ ተሳለቀችብኝ። አሁን አያመልጠኝም። አንቺ መማር የለብሽም። እኔ አጎርስሻለሁ።

ቪዛው የሚሰጠው አዲስ አበባ ነው፤ ሰኞ ሁለታችንም እዚያ መገኘት አለብን። ካልመጣሽ ጉዞው ይቀራል፤ ብቻዬን አልሄድም። ለምኜ አላውቅም፤ አሁንም አልለምንም። ቅዳሜ ጠዋት ባጃጅ ይዤ እመጣለሁ። የእህትሽ ደጅ ደረጃ አንዱ ተሰብሯልና እኔ ሳልደርስ ብቻሽን አትውረጂ። ከበሩ ቆሜ እጠራሻለሁ። ድምፄን ታውቂዋለሽ።

ጌታ መውጣትሽንና መግባትሽን ይጠብቅ። እህትሽን ሰላም በይልኝ፤ ከሕመሟም እንኳን ተሻላት በያት።

የልጆችሽ አባት
ሐዋሳ