ያልተመረመረው የሾፌሩ ደም

ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም.
ፔትሮሚን፣ ጅዳ

ለኢትዮጵያ ቆንስላ ጄኔራል ጽሕፈት ቤት
ለቆንስላ ጉዳዮች ክፍል ኃላፊ
ጅዳ

ጉዳዩ፦ አነቃቂ ክኒን ወስዶ ሲያሽከረክር በነበረ ሾፌር ተገጭታ በሞተችው እህቴ በሀሲና ሙራድ ላይ የተመዘገበው ጥፋት እንዲታረም ስለመጠየቅ

ክቡር ሆይ፣

እኔ አመልካች ሱሩር ሙራድ የሚከተለውን በታላቅ አክብሮት አቀርባለሁ።

1. አገር ቤት ሳለሁ ዘጠኝ ዓመት በትራፊክ ፖሊስነት አገልግያለሁ፤ ማዕረጌ ሳጅን ነበር። በጦርነቱ ጊዜ ከሥራዬ ተፈናቅዬ ወደዚህ አገር ከመጣሁ አራት ዓመት ሊሞላኝ ነው። ዛሬ አንድ ጋራዥ ውስጥ የመኪና ፍሬን እጠግናለሁ። ይህን ማንሣቴ ስለ ሾፌሩ የምናገረው ሐዘን ስላናገረኝ ብቻ እንዳልሆነ እንዲረዱልኝ ነው።

2. ባለፈው የሐጅ ወቅት እኔና ታናሽ እህቴ ሀሲና መካ፣ ዓዚዚያ ውስጥ ሑጃጆች በሚያርፉበት ሕንፃ እንሠራ ነበር። እሷ ክፍል ታጸዳለች፤ እኔ ፍራሽና አንሶላ እሸከማለሁ። ግንቦት 22 ቀን 2017 ዓ.ም. ከአስር ሶላት በኋላ ከመንገዱ ማዶ ካለው መጋዘን ሳሙና ልታመጣ ወጣች። የእግረኛው መብራት አረንጓዴ ሆኖላት ስትሻገር ሠራተኛ የሚያመላልስ ሚኒባስ ገጫት። ጩኸት ሰምቼ ስደርስ ነፍሷ አልወጣችም ነበር። «ሱሩሬ፣ ጫማዬን ፈልግልኝ» አለችኝ። ጫማዋን ከመኪናው ሥር አውጥቼ ስመለስ አርፋለች። ዕድሜዋ ሃያ ስድስት ነበር።

3. ሾፌሩ ጁነዲን የሚባል የአገራችን ልጅ ነው። መጠጥ አይሸትም። የዓይኑ ብሌን ግን በዚያ ሁሉ ፀሐይ ሰፍቶ ቀርቷል፤ ጥርሱን ያፋጫል፤ እጁ አያርፍም፤ ሳይጠየቅ ያወራል። በሥራ ዘመኔ እንዲህ ያለ ሾፌር ብዙ አይቻለሁ። «ካልተኛህ ስንት ቀንህ ነው?» አልኩት። «ሦስት። ወላሂ ሦስት ነው። ክኒኑን ሙሽሪፉ ነው የሚሰጠን፤ እምቢ ካልኩ ኸላስ፣ ሥራ የለም» አለኝ። ሙሽሪፍ የምንለው የሥራ ተቆጣጣሪውን ነው። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ «መብራቱ ቀይ ነበር እንዴ?» ብሎ እኔኑ ጠየቀኝ።

4. ቦታው ላይ የደረሰው የትራፊክ ፖሊስ ቱርኪ የሚባል ወጣት ነው። ኢቃማዬ፣ የመኖሪያ ፈቃዴ፣ ማለቁን ነገርኩት፤ አሳየኝም አላለኝ። በምችለው አረብኛ የሾፌሩን ደም እንዲያስመረምር ለመንኩት። ሾፌሩን የትንፋሽ መመርመሪያ መሣሪያ አስነፋው፤ ዜሮ አለ። «አውቃለሁ» አለኝ፣ «ዓይኑን አይቻለሁ። ይህ መሣሪያ ግን የሚያውቀው መጠጥ ብቻ ነው። ለክኒን ደም ያስፈልጋል፤ ለደም የአለቃዬ ፊርማ ያስፈልጋል፤ አለቃዬ ደግሞ ለሐጁ ሚና ሰፈር ነው ያለው፤ ስልክ አያነሣም።» እፊቴ አራት ጊዜ ደወለ። እኔም እንደሱ ቆሜ ደውዬ ስለማውቅ ልቆጣው አልቻልኩም። በመጨረሻ እንዲህ አለኝ፦ «ክኒን ወስዶ የመንዳት ክልከላው በሕጉ አለ። የጎደለው ሰው በሞተ ቁጥር ማንንም ሳንጠይቅ ደም የምንወስድበት ሥልጣን ነው። እሱ እስኪሰጠን ድረስ የምጽፈው መሣሪያው ያለውን ነው።» ደሙ በዚያ ቀን አልተወሰደም። በማግሥቱም አልተወሰደም።

5. እውነቱን ለመናገር እኔም ከዚህ የተሻልኩ አልነበርኩም። ከስምንት ዓመት በፊት ቁልቁለት መንገድ ላይ አንድ የጭነት መኪና አስቁሜ ነበር። ሾፌሩ ሁለት ቀን ሙሉ ጫት እየቃመ ሳይተኛ የነዳ ነው፤ ዓይኑ እንደ ጁነዲን ዓይን ነበር። ጣቢያችን የትንፋሽ መመርመሪያ እንኳ አልነበረውም፤ በጫት ደግሞ በየትኛው አንቀጽ እንደምከሰው አላወቅኩም። «በል፣ ቀስ ብለህ ሂድ» ብዬ ለቀቅኩት። ከዚያ ወዲያ የት እንደደረሰ አጣርቼ አላውቅም። አሁን ግን ማን ደጅ ሐዘን አድርሶ ይሆን እያልኩ አስባለሁ።

6. በሦስተኛው ሳምንት ጉዳዩን ወደያዘው ጣቢያ ስሄድ መዝገቡ ተዘግቶ ጠበቀኝ። «የአሽከርካሪው ሁኔታ፦ ጤነኛ። ጥፋት፦ የእግረኛዋ፣ መቶ በመቶ» ይላል። ልቃወም ስል የጸና ኢቃማ የሌለው ሰው ቃሉ እንደማይመዘገብ ነገሩኝ። አደጋውን በዓይናቸው ያዩ ሁለት የሥራ ባልደረቦቿም ወረቀት ስለሌላቸው ለመመስከር ፈሩ፤ አልፈርድባቸውም። ስለ ቱርኪ ብጠይቅ ወደ ሌላ ከተማ ተዛውሯል አሉኝ። ሙሽሪፉን የጠየቀው የለም። ጁነዲን በተርሒል ተባርሮ አገሩ ገብቷል። ባለፈው ወር ደውሎ እያለቀሰ ዓፉ በለኝ አለኝ። ዓፉ አልኩት። «አሁን ምን ትሠራለህ?» ብለው «ያው ሹፍርና ነዋ፣ ሌላ ምን አውቃለሁ?» አለኝ። «እንቅልፍስ?» አልኩት። ተሰናብቶኝ ስልኩን ዘጋ።

7. ስለዚህ ጽሕፈት ቤቱ በደብዳቤ መዝገቡ እንደገና እንዲታይ እንዲጠይቅልኝ፤ ቱርኪ ያለበት ተፈልጎ ያየውን በጽሑፍ እንዲሰጥ እንዲደረግልኝ፤ ሰው በሞተበት አደጋ ሁሉ የአሽከርካሪው ደም ወዲያውኑ ይመርመር የሚለው የሁለታችን የፖሊሶች ሐሳብም እዚህም አገር ቤትም ለሚመለከተው እንዲደርስልኝ አመለክታለሁ። ደሙ ዛሬ ቢፈለግ እንደማይገኝ አውቃለሁ። እንዲህ ያለ አቤቱታ የት እንደሚቀርም አላጣሁትም፤ ፖሊስ ሳለሁ ብዙ ተቀብዬ መሳቢያ ውስጥ ከትቻለሁ።

ይህ ሁሉ ባይሆን እንኳ አንድ ነገር እለምናለሁ። የመዝገቡ ትርጉም ከሞት ማስረጃዋ ጋር ተያይዞ ወሎ እናታችን ዘንድ ደርሷል። እናቴ ማንበብ አትችልም፤ ጎረቤት አነበበላት። ከዚያ ወዲህ በደወልኩ ቁጥር «ልጄን ምን አስቸኮላት? ቆማ ብታሳልፈው ምን ነበረበት?» ትለኛለች። «እማ፣ መብራቱ የሷ ነበር፤ አጥፊው ሾፌሩ ነው» እላታለሁ። «አንተማ ወንድሟ ነህ፣ ልታጽናናኝ ነው» ትለኛለች፤ «ወረቀቱ ማኅተም አለው።» ሀሲና እንዳላጠፋች የሚገልጽ ማኅተም ያለበት አንድ ወረቀት ለእናቴ እንዲጻፍልኝ በትሕትና እጠይቃለሁ።

ከአክብሮትና ከሰላምታ ጋር

(ፊርማ)
ሱሩር ሙራድ
የሟች ወንድም