መርዶ ለቦኖም

ውድ ኤቫሪስት፣

ለሞተ ሰው «ለጤናህ እንደምን ሰንብተሃል» ተብሎ ስለማይጻፍ ሰላምታውን ዘልዬዋለሁ። እኔ ደህና ነኝ። ጉልበቴ ያው እንደምታውቀው ነው፤ ዝናብ ሲመጣ ከሬዲዮው ቀድሞ ይነግረኛል። ጣሪያውን የወንድምህ ልጅ ኤልሬ ጠግኖልኛል። ኮፍያህ እስካሁን ከበሩ ጀርባ ተሰቅሏል፤ አላወረድኩትም፣ የማወርደውም አይመስለኝም። የምጽፍልህ ግን ስለ ኮፍያህ አይደለም። አዞህ ቦኖም ሞቷል። ወደ ሞቱ የጠራሁት እኔ ነኝ። እዚያ ያለህበት ማን ወሬ እንደሚያደርስልህ አላውቅም፣ ግን ከሌላ ከምትሰማው ከእኔ ብትሰማው ይሻላል።

መቼም ያንተን ነገር ሳስበው አንዳንዴ እስቃለሁ። ዕድሜህን ሙሉ አዞ ያደንክ ሰው ነህ። መስከረም ላይ አደን ሲፈቀድ የዶሮ ሥጋ መንጠቆ ላይ ሰክተህ ከውሃው በላይ ታንጠለጥላለህ፣ በማግስቱ ገመዱን እየጎተትክ ትመለሳለህ። የቱሪስት ጀልባ በደጃችን ሲያልፍ፣ ካፒቴኑ ለአዞዎቹ ነጭ ለስላሳ ከረሜላ እየወረወረ ተሳፋሪውን ሲያስጨበጭብ፣ ከጀልባ መቆሚያችን ላይ ሆነህ ትጮህበት አልነበር?

«አንተ ደደብ! ዛሬ ከረሜላህን የበላ ነገ እጅህን ይበላል!»

«አቶ ኤቫሪስት፣ እንግዶቹ ደስ ይላቸዋል እኮ!»

«እጃቸው ሲቆረጥ ደስታቸውን እናያለና!»

ከዚያ እየተነጫነጭክ ትገባና «ሰው ያበላው አዞ የሞተ አዞ ነው» ትለኛለህ፣ እኔ የማላውቀው ይመስል። እዚህ ረግረግ ዳር የተወለደ ሁሉ ይህን ከእናቱ ጡት ጋር የጠባው ነው። ከሰው እጅ የለመደ አዞ ሰውን መፍራት ይተዋል፤ ሰውን ያልፈራ ደግሞ አንድ ቀን ልጅ ይይዛል። ስለዚህ ያንን ቀን ሳይጠብቁ ይገድሉታል።

ይህን ስትሰብክ የኖርክ ሰው፣ ሳንባህ አልታዘዝ ብሎህ አደን ባቆምክ ጊዜ፣ የዶሮ ቆዳና አንገት በባልዲ ይዘህ ወደ መቆሚያው ወረድክ።

«ምን ልትሠራ ነው?» አልኩህ።

«ምንም። ሁሉንም በገመድ ጎትቼ ነው ያመጣኋቸው፣ ክሌሊ። አንዱ እንኳ ወዶ ቢመጣልኝ ብዬ ነው።»

«ወዶ የሚመጣማ እኔ አለሁልህ።»

ሳቅክ። እኔም ሳቅኩ። እኔ ግን የቀለድኩ አልነበርኩም።

ያ የፊት እግሩ የተቆረጠ ትልቅ አዞ መጣልህ። ቦኖም አልከው፣ ሽማግሌው ለማለት፤ አንተም ሽማግሌ መሆንህን የረሳህ ይመስል። የባልዲውን ቂጥ በማንኪያ አንዴ፣ ቆም ብለህ ደግሞ ሁለቴ ትመታለህ፤ ከወዲያ ማዶ ካለው ሸምበቆ ውስጥ ውሃውን እየሰነጠቀ ይመጣል። መቆሚያው ሥር ደርሶ አፉን ከፍቶ ይጠብቃል። አንተም ቁጭ ብለህ በአባቶቻችን ቋንቋ ታወራዋለህ፤ እኔ «የጨው ማሰሮው የት ነው?» ስልህ መልስ የማትሰጠኝ ሰውዬ! ቀናሁ ብልህ ትስቅብኛለህ። ቢሆንም ቀንቻለሁ፣ በዚህ ዕድሜዬ በአዞ ቀናሁ።

አንድ ነገር ደግሞ አለ፣ ሳልነግርህ የሄድክበት። በሰኔ፣ ከሐኪም የተመለስክ ቀን፣ «ምን አለህ?» ስልህ «አርጅተሃል አለኝ» ብለህ ባልዲህን ይዘህ ወጣህ። እኔ የኋላ በረንዳ ላይ ባሚያ እየከተፍኩ ነበር። ነፋሱ ወደ ቤት ይነፍስ ስለነበር ድምፅህ ጥርት ብሎ መጣ።

«መኸርን አታልፍም ብሎኛል፣ ቦኖም» አልከው። «ለክሌሊ ምን ብዬ እንደምነግራት እንጃ። አንተ ብትሆን ምን ትላታለህ?»

ቦኖም ምን እንደመለሰልህ አላውቅም። አንተ ከብዙ ሳምንት በኋላ፣ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠህ ስትነግረኝ፣ ገና እንደሰማሁ ሆኜ አለቀስኩ። ለቅሶው የእውነት ነበር። መስማቴን ግን ዋጥኩት፤ ላንተም እንዳይከብድህ፣ ለእኔም ያ ቂሜ እንዳይወጣብኝ። ከእኔ በፊት ለአውሬ ነገርክ። ይኸው አሁን ወጣ።

ሐኪሙ እንዳለው በጥቅምት ሄድክ። የብርዱን ወራት ቦኖም ከጉድጓዱ አልወጣም፣ እኔም ከቤት ብዙ አልወጣሁም። ሚያዝያ ላይ ውሃው ሲሞቅ፣ አንድ ቀን አመሻሽ ላይ እቃ ሳጥብ በመስኮት አየሁት። መቆሚያችን ሥር መጥቶ አፉን ከፍቶ ይጠብቃል። ማን ይንገረው? ጥቂት ቆሞ ተመልሶ ሄደ፤ በማግስቱም መጣ። እኔ ቁራጭ አልወረወርኩለትም፣ እንድታውቀው እፈልጋለሁ። ግን አላባረርኩትም። እቃዬን በዚያ ሰዓት ማጠብ ለመድኩ። በዚህ ቤት አንተን የምንጠብቅ ሁለት ነበርን፣ ብቻዬን ከመጠበቅ ይሻለኝ ነበር።

የጎረቤታችን የኧርሊን የልጅ ልጅ፣ ትንሿ ሜዚ፣ ዘንድሮ በእግሯ ትሮጣለች። ባለፈው ወር ውሃው ዳር ተቀምጣ የአሸዋ መጫወቻ ባልዲዋን ገልብጣ በእንጨት ስትደበድብ ነበር፣ ልጅ እንደሚጫወተው። ቦኖም እኛ መቆሚያ ሥር ነበር። ድምፁን ሲሰማ ዞረ። አቤት አዟዟሩ ኤቫሪስት፣ ደስ ያለው ነበር የሚመስለው! በቀጥታ ወደ እሷ ቀዘፈ።

በመስኮቱ ምን ብዬ እንደጮህኩ አላስታውስም። ኧርሊን ከነሽርጧ ሮጣ ልጅቱን በቀሚሷ ጎትታ አነሳቻት። ቦኖም ደረቱን ጭቃው ላይ አውጥቶ አፉን ከፍቶ ቆሟል። ልጅቱን ሊበላ የመጣ አልነበረም፤ የዶሮ ቆዳውን እየጠበቀ ነበር። ግን በእሱ አፍና በሕፃኗ እግር መካከል የቀረው ቦታ ይህ ደብዳቤ የተጻፈበት ጠረጴዛ አያህልም።

ኧርሊን ልጅቱን ታቅፋ ደጄ መጣች።

«ክሌሊ፣ ባልሽን እወደው ነበር፣ ነፍሱን ይማረው። ግን ይሄ የሱ ሥራ ነው። ቢይዛት ኖሮ በምን ዓይንሽ ታይኝ ነበር?»

በዚያው ቀን ለኤልሬ ደወልኩለት።

ኤልሬ የመንግሥት ፈቃድ ይዞ መጣ። አስቸጋሪ አዞ ሲገኝ አሁን የሚጠሩት እሱን ነው፤ አንተ ያስተማርከውን ይዞ እንጀራውን ይበላበታል። ሥጋውን ሰቀለ፣ ጠበቀ። ቦኖም ከዚያ ጩኸት ወዲህ ወደ መቆሚያችን መምጣት ትቶ ነበር፤ ሥጋውንም ከሸምበቆው ቀና ብሎ አላየው። ከጥቂት ቀን በኋላ ኤልሬ ኮፍያውን መሬት ላይ ወረወረ።

«አጎቴ አሞላቅቆታል እኮ! የተሰቀለ ሥጋ ሲያይ ይንቀኛል። ባልዲ ካልሰማ ራት አይመስለውም።»

«ሩቅ ወስደህ ብትለቀውስ?» አልኩት።

«ይመለሳል፣ አክስቴ። ባይመለስም፣ የትም ብወስደው ባልዲ የሚደበድብ ልጅ አይጠፋም።» ከዚያ ዓይኑን ከዓይኔ አሸሸ። «አንቺ ነሽ መጥራት የምትችዪው።»

«ውጣልኝ ከቤቴ!» አልኩት።

አልወጣም። ቡናውን መጠጣቱን ቀጠለ። ውጭው ጸጥ ብሏል፤ የመንደሩ ልጆች ሁሉ በር ተዘግቶባቸው ነበር የከረሙት፣ በዚያ ሙቀት። ሜዚ በመስኮታቸው መስታወት ላይ አፍንጫዋን ለጥፋ ታየኛለች። ቀና ብዬ ኮፍያህን አየሁት። ምን እንደምትለኝ አውቅ ነበር። ስትለኝ ኖረሃልና።

አመሻሽ ላይ ባልዲህን አውጥቼ ወረድኩ። ኤልሬ ከምሰሶው ጀርባ ተንበረከከ። አንተ ትቀመጥበት የነበረው ቦታ ላይ ተቀመጥኩ። አንዴ፣ ቆም ብዬ ደግሞ ሁለቴ መታሁ። እጄ እንዳንተ ጠንካራ ስላልሆነ እንዳይሰማ ጸለይኩ። ሰማ። ከሸምበቆው ወጥቶ፣ ውሃውን ቀስ እያለ እየሰነጠቀ፣ ያለ አንዳች ጥርጣሬ መጣ። እግሬ ሥር ደርሶ አፉን ከፈተ።

ኤልሬ ጠመንጃውን ሲያነሳ «ቆይ» አልኩት። ባዶ ባልዲ ይዤ ጠርቼው፣ ለምን እንደተጠራ ሳያውቅ እንዲሄድ አልፈለግሁም። በአባቶቻችን ቋንቋ፣ እኔ ከልጅነቴ ወዲህ ባላወራሁበት፣ መርዶውን ነገርኩት።

«ቦኖም፣ ኤቫሪስት ሞቷል። በጥቅምት ሞተ። አትጠብቀው። እኔም መጠበቅ እተዋለሁ።»

አፉን ከፍቶ አየኝ። ከዚያ ለኤልሬ ራሴን ነቀነቅኩለት። አንተ እንዳስተማርከው ከጭንቅላቱ ጀርባ በአንዲት ጥይት ጨረሰው፤ አልተሠቃየም። ኤልሬ ግን ጠመንጃውን አስቀምጦ ፊቱን አዙሮ አለቀሰ። እኔ ነኝ ያባበልኩት።

ሥጋው እንደ ልማዱ ለመንደሩ ተከፋፈለ። ኧርሊን ከጅራቱ በሽንኩርት ጠብሳ፣ ከሩዝ ጋር አመጣችልኝ፤ ከተጣላችኝ ወዲህ ደጄን ስትረግጥ የመጀመሪያዋ ነበር። አብረን በላን። አደን ገብቶ በልተን ሳንጨርስ የጣልነው የለም፣ ይህንንም አልጣልኩም። ትናንት ሜዚ ውጭ ስትጫወት፣ ባልዲዋን ስትደበድብ ሰማኋት። ውሃው ዝም አለ። እኔም ከወንበሬ ሳልነሳ ሰማኋት።

ባልዲህን አጥቤ ምስማሩ ላይ ሰቅዬዋለሁ። ኮፍያህ አጠገብ ነው፤ ከዚህ በኋላ ማንም አይመታውም። በአንተ ላይ የያዝኩትንም ቂም ዛሬ ጨርሻለሁ፤ መርዶ መናገር እንዴት እንደሚከብድ፣ ለአውሬ መናገርም እንዴት እንደሚቀል፣ እዚያው ቦታህ ላይ ተቀምጬ አየሁት። አንድ ነገር ብቻ ይቆጨኛል፣ ኤቫሪስት። ያን ቀን በረንዳው ላይ ነበርኩ፣ ባሚያ ይዤ፣ ከአንተ ጥቂት እርምጃ ርቄ። እኔ ባልዲ ሳትመታም እመጣልህ ነበር።

ያንተው
ክሌሊ